የሶፊ ወይን፣ የኤረር ወይን

ባለፈው ቅዳሜ ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ከባጃጅ ወርጄ ወደ ጀጎል ግንብ ልገባ ስል፣ አንድ ወጣት በፕላስቲክ ሣጥን ወይን ይዞ ቆሟል። ዋጋውን ጠየቅሁት። የነገረኝን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል፤ በእኛ ጊዜ በዚያ ገንዘብ በግ ከነቆዳው ይገዛ ነበር። «የድሬ ነው እማማ፣ ማር ነው፣ ቅመሽው አቦ!» ብሎ አንዲት ፍሬ በጥሶ ዘረጋልኝ። አፌ ሳይደርስ ሽታው ቀደመኝ። የጽጌረዳ ነው እንዳልል ጽጌረዳ እንዲህ አይጣፍጥም፣ የማር ነው እንዳልል ማር እንዲህ አይቀልም። ድሬዳዋ ያበሰለችው ወይን ይጣፍጣል እንጂ አይሸትም። ይህ ቀን ሞቆት፣ ሌሊት በርዶት፣ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ያደገ ነው። «ልጄ፣ ይህ እኮ የሶፊ ወይን ነው» አልኩት፤ ሶፊ ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ገጠር ናት። ሳቀብኝ። «እማማ፣ እኔ ከነጋዴ ነው የተቀበልኩት፤ ሶፊም ይሁን ድሬ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ። ልዩነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለመንገር ወጣትነቴን ሁሉ ልነግረው ነውና። ትንሽ ገዝቼ፣ ጥግ ይዤ፣ አንድ በአንድ እየበላሁ ያን ጊዜ ሳስታውስ አንድ ሁለት ባጃጅ ሳይሆን አንድ ሁለት ሰዓት አለፈኝ።

ያን ጊዜ ባጃጅ የሚባል ነገር የለም። ፔጆ ነበረች፤ ያቺ ጀርባዋ ሾጠጥ ያለች፣ ሰማያዊ ከግማሽ ወገቧ በታች፣ ዳገቱን እያቃሰተች የምትወጣ። እሷንም የምንሳፈረው ደመወዝ የተቀበልን ዕለት ነው። እኔ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለነበር ጠዋት በእግሬ ነበር የምሄደው። ካኪ ካፖርቴን በክንዴ ይዤ፣ እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ፀጉሬን እንደ ዘመኑ አጎፍሬ። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ጠርዙ የተቃጠለ ትኩስ ዳቦ በዐሥራ አምስት። ካሴት ቤቱ ጠዋት ጠዋት ሁልጊዜ ያንኑ የትዝታ ዘፈን ይከፍት ነበር፤ እኔም የዘፈኑን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ነው የማውቀው፣ ሁለተኛው ግማሽ ሲደርስ መታጠፊያውን አልፌ ስለነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የሞባይል መሸጫ አለ። ሳልፍበት እስከ አሁን ድረስ እግሬ ትንሽ ዝግ ይላል፣ ቀሪውን ግማሽ የምሰማ ይመስል።

ወይኑ ወደ ጣቢያችን የመጣው ከአንድ የፈረንጅ ግቢ ነው። ሰውየው ከሀገር ሲወጣ ግቢው ለመሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ አዲሶቹ ባለቤቶች ደግሞ ለመኪና ማቆሚያ ብለው አትክልቱን ሊነቅሉት ሆነ። ኃላፊያችን ይህን ሰምቶ ላከንና የወይኑን ሐረግ ቁርጥራጭ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን አመጣን። ሦስት ዓይነት ነበር። የፈረንጅ ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ እኛው ስም አወጣንለት። ፍሬው ትልልቅ፣ ቆዳው ወፍራም የሆነውን «ጥቁሩ» አልነው። ወርቅማውንና ከሩቅ የሚሸተውን «ሽቶ» አልነው። ጥቃቅኑና ውስጡ ዘር የሌለው «ደቃቁ» ተባለ። ሦስቱንም ጎን ለጎን ተከልናቸው፣ እኩል ውኃ፣ እኩል ፍግ ሰጠናቸው፣ ልክ አንዲት እናት መንታ እንደምታሳድግ። እነሱ ግን እኩል ሊያድጉ አልፈቀዱም። ጥቁሩ አፈራ፤ ሊበስል ሲል የነሐሴ ዝናብ ወረደበትና አመድ የነሰነሱበት መስሎ በሰበሰ። ሽቶ ጥቂት ዘለላ ሰጥቶ ቆመ። ደቃቁማ ቅጠል ብቻ ሆነ፤ ለምለም፣ የሚያምር፣ ለበግ የሚሆን ቅጠል። ኃላፊያችን ሁለት ክረምት ታግሦ «ሐረር የወይን አገር አይደለችም፣ ነቅላችሁ በቦታው ቡና ትከሉበት» አለ። እኔ ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቅጠሉ አሳዝኖኝ ይሆናል።

ታደሰን ያገኘሁት በዚያ ሰሞን ነው። ታደሰ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። መኪና ግርግር ማለት ግራና ቀኝ የስፌት መኪና ተደርድሮ ቀኑን ሙሉ «ግርርር» የሚልበት ጠባብ መንገድ ነው፤ ስሙም የወጣለት ከዚያው ድምፅ ነው። ቤል ቦተም ሱሪ፣ ሳፋሪ ኮት፣ ለሐረሪ ሙሽሮች የሐር ቀሚስ፣ ሁሉንም ይሰፋ ነበር። ቴትረን በሜትር ስንት እንደሆነ፣ የማን ሱሪ በየት በኩል እንደተጣፈ ያውቃል። አንድ ቀን ጣቢያችን መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመና «እህት፣ ወይን አላችሁ አሉ» አለኝ።

«አለን፤ ግን ሐረር ላይ አያፈራም» አልኩት።

«ማን ፍሬ ፈለገ? ጥላ ነው የምፈልገው። ያከራየችኝ አሮጊት ግቢዋ ውስጥ ፀሐይ ፈጃት፣ አዝንብልኝ እንዳትለኝ ፈራሁ አቦ።»

ሳቄ መጣ። ከሁሉም ጠንካራው ነው ብዬ ጥቁሩን ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ «ቅጠሉ ቢጫ ሆነ» ብሎ መጣ፤ «ጉንዳን ወጣበት» ብሎ መጣ፤ ምንም ሳይሆንም መጣ። በሁለተኛው ዓመት በብጥስጣሽ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ከፊቴ አስቀመጠ። ስፈታው የበሰለ፣ ጥቁር፣ ዱቄት የነካው የሚመስል ወይን። አላመንኩትም። «ከየት ገዛኸው?» አልኩት። እጄን ይዞ ወሰደኝ፤ እጄን ሲይዘኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። የአሮጊቷ ግቢ በከፍተኛ የድንጋይ ግንብ የተከበበ ነው። እጄን ግንቡ ላይ ሳሳርፍ እንደ ዳቦ ሞቋል። ነገሩ ያኔ ገባኝ። የጀጎል ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ለወይኑ መልሶ ይሰጠዋል፤ ግንቡ ንፋስ ይከለክልለታል፣ ሰገነቱ ዝናብ ይጋርድለታል። በአንዲት ከተማ ውስጥ፣ ከእኛ ጣቢያ በግማሽ ሰዓት መንገድ፣ ሌላ አገር ነበር። ያን ቀን ሁለት ነገር አወቅሁ። አንደኛው፣ ወይን «ሐረር» ብለህ በጅምላ የምትተክለው ነገር አይደለም፤ የትኛው ወይን፣ የትኛው ግንብ ሥር፣ ብለህ መጠየቅ አለብህ። ሁለተኛው የታደሰ ጉዳይ ነው፤ እሱን ማወቅ ብዙም አልከበደኝም።

ሌላው ወይን ወሳጅ ኦቦ ሙሜ ነበሩ። የሶፊ ገበሬ ናቸው፤ ጫትና ኮክ፣ ሎሚና ዘይቱን እያመጡ ከጀጎል በሮች በአንዱ፣ በኤረር በር ይሸጣሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጣቸው ሁልጊዜ የጸዳ፣ ሲስቁ ዓይናቸው የሚጠፋ ሰው። ጣቢያው የኮክ ችግኝ ሊገዙ መጥተው የተረፈውን ወይን አዩት። «ይሄስ?» አሉ። «እሱ እዚህ አልሆነለትም፤ ከወደዱት በነፃ ይውሰዱት» አልኳቸው። ሽቶና ደቃቁን ወሰዱ። ሶፊ መሬት አላቸው፤ ታች ኤረር ሸለቆ ውስጥም ወንዙ ዳር ትንሽ የመስኖ ቁራሽ አለቻቸው። እኔ በመጽሐፍ እንደተማርኩት ኤረር ሙቀቱ ይፈጀዋልና ሁሉንም ሶፊ ይትከሉ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ወይን ውኃ ይወዳል፣ ሁሉንም ኤረር ወንዝ ዳር ነው የምተክለው አሉ። ተከራከርን፣ አልተስማማንም፤ በመጨረሻ ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ተከሉ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። ሶፊ ላይ ደቃቁ እንደ እኛ ጣቢያ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ፣ ሽቶ ግን መዓዛው ከአጥሩ ውጭ መንገደኛ ያስቆማል። ኤረር ላይ ደግሞ ሽቶ ፀሐይ ገርፎት ቆዳው ተሰነጠቀ፣ ሽታውም ጠፋ፤ ደቃቁ ግን እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተንጠልጥሎ፣ ስኳር ሆኖ፣ ንብ ከቦት ተገኘ።

ጥሩ ዘለላ እንዲይዝ ከመስቀል በኋላ መገረዝ አለበት ብዬ መቀስ ይዤ ሶፊ የወረድኩ ቀን ኦቦ ሙሜ ተቆጡኝ። «እንዴት ለምለም ነገር ይቆረጣል? ወላሂ ግፍ ነው!» አሉ። ባለቤታቸው ኩለኒ «ልጅቱ ተምራለች፣ ተዋት» ብትላቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ። የኤረሩንም ስገርዝ አብረውኝ አልወረዱም። ከዚያ በኋላ ኤረር በር ላይ ሲያዩኝ ሰላምታቸው በጣም አጭር ሆነች። ቡቃያው ሲወጣ ግን አንድ ጠዋት ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥተው ኮክ በቅርጫት አስቀመጡልኝና እየሳቁ ሄዱ። ቁም ነገሩ ቀላል ነው፤ በመስከረም መጨረሻ የተገረዘ ወይን የሚበስለው በበጋ፣ በደረቁ ወር ነው፤ ዝናብ አያገኘውም። ኤረር ሙቀቷ ስለሚያፈጥነው በጥር ይደርሳል። ሶፊ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ስለሆነ እስከ የካቲት አጋማሽ ያስጠብቃል፤ ያ የማስጠበቁ ነገር ነው ሽታውን የሚሰጠው።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ። አባባ የሰፈራችን ቤተክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ነበሩ፤ ጧፉ፣ ዕጣኑ፣ የመገበሪያው ስንዴ፣ የቅዳሴው ዘቢብ በእሳቸው እጅ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያን ዘመን ያየ ያውቀዋል፤ ዕቃ ከሱቅ ይጠፋ ነበር። አንድ ሰሞን ሳሙና፣ አንድ ሰሞን ስኳር፣ አንድ ሰሞን ባትሪ። ዘቢብ የባሕር ማዶ ዕቃ ነውና እሱም ጠፋ። አባባ የየመን ነጋዴዎችን ሱቅ ሁሉ አዳረሱ፣ ድሬዳዋ ድረስ ሰው ላኩ፤ የለም። ሌሎቹ አድባራትም እንደ እኛው ነበሩ። በኋላ የእኛ ቤተክርስቲያን የቁርባን ቅዳሴ በወር አንድ ቀን ብቻ ሆነ፤ አባባ የቀረችውን ዘቢብ በጣሳ አድርገው ቆልፈው፣ በየጊዜው እየከፈቱ ያዩዋት ነበር። ሲከፍቱ ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ምግብ ያለቀባት እናት ፊት ላይ የሚታየው ዓይነት ነው።

እኔና ታደሰ ለመጋባት ተስማምተን ሽማግሌም ተልኮ ነበር። ለሚቀጥለው ዓመት ይሁን ብለን ነበር፤ ሳንቲም ቋጥረን፣ አልጋ ገዝተን። በገና ሰሞን ግን ቀበሌው ታደሰን ጠርቶ የብሔራዊ ውትድርና ተራው መድረሱን ነገረው። የሚሄዱት በጥር ማለቂያ ነው። በዚያው ሳምንት ዐቢይ ጾሙ ይገባል፤ በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። ታደሰ ያን ቀን የስፌት መኪናውን ሳይነካ ዋለ። ሊመሽ ሲል ጣቢያው በር ላይ ጠበቀኝና አብረን ወደ ከተማ ወረድን።

«በሰማንያ እንፈራረምና ሂድ፤ ስትመለስ በወጉ እንደግሳለን» አልኩት።

«አይሆንም ስንዱዬ። በተክሊል፣ በቁርባን ነው የምፈልገው።»

«ምን አስቸኮለህ?»

ቆመና ጫማውን አየ። «የምሄድበትን ቦታ አላውቀውም። እዚያ ሆኜ የማይፈታ ነገር እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ።»

ለአባባ ነገርኳቸው። ታደሰን እንደ ልጃቸው ይወዱታል፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። የሚቀጥለው የቁርባን ቅዳሴ ግን ታደሰ ከሄደ በኋላ ነው የሚውለው። እኔም ሳላስበው ዓይኔን ወደ ጣሳዋ ጣልኩ።

«አይሆንም» አሉ አባባ።

«አንድ እፍኝ አይበቃም አባባ?»

«ይበቃል። ግን የእኔ አይደለችም። አልጋ ላይ ሆነው ቁርባን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እናንተ ልጆች ናችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፤ እነሱ አይጠብቁኝም። የገበዙ ልጅ ስለሆንሽ ነው የሰጧት ከተባለ ደግሞ ይህን ቁልፍ ነገ ማን ያምነኛል?» ድምፃቸው አልጠነከረም። ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እሳቸውም ሰምተዋል።

ጠዋት «ያ የኤረሩ ወይን እንዴት ነው?» አሉኝ። እኔ አስቤው ነበር፤ ግን ኦቦ ሙሜ ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ ሰው ናቸው፤ ለቅዳሴ ብዬ ወይን ለመጠየቅ አፍሬ ነበር። «ለምን እንደሆነ ሳልነግራቸው ልግዛ?» አልኩ። አባባ መቋሚያቸውን አነሡ። «ሳይነገረው የተወሰደበት ነገር መቅደስ አይገባም። ተነሺ፣ ራሴ እነግረዋለሁ» አሉ።

አባባን ኤረር በር ላይ ሳያቸው ያ የመጀመሪያም የመጨረሻም ነበር። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ካባቸውን ደርበው በጫት ነጋዴዎቹ መካከል ሲያልፉ ጩኸቱ ሁሉ ጋብ አለ። ሎሚ የምትሸጥ አንዲት ሴት ዘንቢሏን ሰብስባ መንገድ ለቀቀችላቸው። ኦቦ ሙሜ ሲያዩአቸው ሚዛናቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

«አባ! ምን እግር ጣለዎት?»

«ልመና ነው አቶ ሙሜ። የምለምንዎት ነገር በሃይማኖትዎ የማይፈቀድ ከሆነ ግን አይሆንም ይበሉኝ፤ አልቀየምም።»

«ይናገሩ።»

«የኤረሩን ወይን ነው። የልጄ ሠርግ በቁርባን ነው፤ ለቅዳሴው የሚሆን ዘቢብ ጠፋ።»

ኦቦ ሙሜ ኮኩን ከአንዱ ቁልል ወደ ሌላው ሲያስተላልፉ ቆዩ። «ስንዱን እወዳታለሁ፣ አላህ ያውቃል። ግን አባ፣ ለሚያሰክር ነገር አልሰጥም። ሐራም ነው። የሆድ ልጄ ብትጠይቀኝም አልሰጥ።»

«ገባኝ» አሉ አባባ፣ «አሠራሩን ልንገርዎትና ራስዎ ይፍረዱ። ዘቢቡ ይታጠባል፣ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ቅዳሴው ሲደርስ ቤተልሔም በምንላት ቤት በእጅ ይጨመቃል። አያድርም፣ አይብላላም። እዚያው ይፈጸማል።»

«አያሰክርም?»

«ጡት ያልጣለ ሕፃንም ይቀበለዋል።»

«እኛም እኮ በረመዳን ዘቢብ በውኃ ዘፍዝፈን እናፈጥርበታለን። ይኸው ነው?»

አባባ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «በእጅ የሚሠራው ይኸው ነው። ለእኛ ግን ከዚያ በላይ ነው፤ እሱን አልደብቅዎትም።»

ኦቦ ሙሜ ያን ጊዜ ፈገግ አሉ። «ያለውን ሳይደብቁ ነገሩኝ፤ ይበቃኛል። ወይን አልሸጥልዎትም አባ። ኤረር ላይ ዘቢብ አድርጌ አደርቀውና ለልጅቱ ሠርግ ስጦታ እሰጣለሁ። ዘቢብ ሐላል ነው፣ ስጦታም ሐላል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የእናንተና የጌታችሁ ነው።»

እኔ ከኋላ ሆኜ፣ ሞኝነቴ፣ «የሶፊው ሽቶ ቢሆን ደግሞ ምንኛ ደስ ባለኝ» አልኩ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «ሽቶ ገና ጥሬ ነው፤ ቢደርስም የሚበላ እንጂ የሚደርቅ አይደለም፤ ሲደርቅ ዘርና ቆዳ ነው የሚቀረው» አሉ ኦቦ ሙሜ። «አንቺ ነሽ እኮ ያስተማርሽኝ!» እውነታቸውን ነው፤ ሙሽራ መሆን የተማርኩትን አስረስቶኝ ነበር።

በሳምንቱ ፈቃድ ወስጄ ከኩለኒ ጋር ኤረር ወረድኩ። ከሐረር ወደዚያ ሲወረድ ልብስ እየከበደ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ሹራብ፣ ቀጥሎ ነጠላ፣ ወንዙ ጋ ሲደረስ ጫማም ይወልቃል። የደቃቁን ዘለላ ቆረጥን፣ ታጥቦ በሰሌን ላይ ተሰጣ። ሥራው ዝንጀሮ መጠበቅ ነበር። ኩለኒ ወንጭፍ ይዛ ዓለት ላይ ተቀምጣ ስለ ራሷ ሠርግ ታወራልኛለች፤ ኦቦ ሙሜን ከሠርጓ በፊት አንድ ቀን ብቻ እንዳየቻቸው፣ ያንንም ቀን ጀርባቸውን እንደሆነ። «ጀርባው ጥሩ ነበር» አለችና ሳቅን። ወይኑ በሁለተኛው ቀን ተጨማደደ፣ ቡናማ ሆነ። እኔ ግን ሥራ ስለነበረብኝ ለኩለኒ አደራ ብዬ ወደ ሐረር ተመለስኩ።

በተመለስኩ ማግሥት ሐረር ላይ ዘነበ። በጥር! ደመናው ከሐኪም ጋራ በኩል መጥቶ ቀኑን ሙሉ ወረደ፤ የመኪና ግርግር መንገድ ቦይ ሆነ። ታደሰ ሱቁ ውስጥ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ያቀያይራል፤ እኔ የሞላውን እደፋለሁ። ዘቢብ ከረጠበ ይሻግታል፤ ሌላ ዘለላ አይኖርም፣ ሌላ ሳምንትም የለም። «ይሁን» አለኝ በመጨረሻ፣ «በሰማንያ ይሁን።» እንዲህ ሲለኝ ግን የእኔ ነገር ተገለበጠ፤ እኔ ነኝ አሁን እምቢ ያልኩት። «እስኪ ኤረር ምን እንዳለች እንስማ» አልኩት።

ኩለኒ በሦስተኛው ቀን መጣች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ነበር። አቧራ! ጭቃ አይደለም። ኤረር ላይ ጠብታ አልወረደም፤ ደመናው ጋራው ላይ ቀርቶ ሸለቆውን አልፎት ሄዷል። ከሽርጥ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ለአባባ ዘረገፈችላቸው። አባባ አንዲቱን አንሥተው ወደ ብርሃን አዩዋት፣ በጣታቸው ተጫኗት፣ አልቀመሷትም፤ ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ እየጾሙ ነበር። «ይህ ዘቢብ ነው» አሉ። ቀሪውን ኩለኒ በጆንያ አምጥታ ደጅ ላይ አውርዳው ነበር። ለእኛ ሠርግ ከሚበቃው አልፎ ለወራት የሚሆን ነበር። ታመው ለሚጠብቁት ሁሉ።

ሠርጋችን ማለዳ ነበር። ካባውና አክሊሉ የቤተክርስቲያን ነው፤ አክሊሉ ለታደሰ ሰፊ ሆኖ ዓይኑ ላይ እየወረደ ዲያቆኑ ያቃናለታል። ጽዋው ሲደርሰን የቀመስኩትን ለመግለጥ አልደፍርም፤ ይህን ብቻ ልበል፣ ታደሰ እጄን አጥብቆ ይዞ ነበር። ስንወጣ ኦቦ ሙሜና ኩለኒ ከአጥሩ ውጭ፣ ዛፉ ሥር ቆመው ይጠብቁናል። ለእነሱ የሚሆነውን በግ የታደሰ አከራይ ሙስሊም ልጅ አርዶት ለብቻ በስሏል። ኦቦ ሙሜ ታደሰን አቅፈው «በሰላም ተመለስ፣ ኢንሻአላህ» አሉት፤ ታደሰም «ኢንሻአላህ» አለ። አባባ ሰምተው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ሄደ። የነበሩን ቀናት ጥቂት ነበሩ፤ የእኛ ናቸውና አልጽፋቸውም። መጀመሪያ ሰሞን ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ስለ ብርዱ፣ ለሻለቃው ሱሪ ስለማጥበቡ። ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። በየበጋው ኤረር ወይን አፈራ፣ ኩለኒ ዘቢብ አመጣች፣ አባባ ለሌሎቹም አድባራት አካፈሉ። ሽቶን ጣቢያው አባዝቶ ለሶፊ ገበሬዎች አደለ። ኃላፊያችን ተቀየረ፣ ሌላ መጣ። የሞተ ይሁን የተማረከ የማይታወቅ ሰው ሚስት መሆን እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዘመዶች «ገና ልጅ ነሽ» ይሉኝ ጀመር፤ በኋላ እንዲያውም ሊያገባሽ የሚፈልግ አለ ብለው ስም እየጠሩ። እምቢ ያልኩት በመሐላው ምክንያት ብቻ አይደለም። መኪና ግርግር ሳልፍ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የእሱ መኪና ድምፅ ብቻ እንደጎደለ ጆሮዬ ይነግረኝ ነበር፤ ጆሮዬ ካልረሳ እኔ እንዴት ልርሳ?

መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ወታደሮች በየመንገዱ በእግራቸው ይመጡ ጀመር። ጫማ የሌለው፣ ካፖርቱ የተቀደደ፣ ዳቦ የሚለምን። የሐረር ሴቶች ደጅ ደጁ ላይ ውኃና ቂጣ ይዘው ይቆሙ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፤ የማን ልጅ እንደሆነ ማን ያውቃል። እኔም ከሥራ በፊት ቆሜ አድላለሁ፣ ፊት ፊታቸውን አያለሁ። አንድ ቀን ግን ጣቢያው ውስጥ ሆኜ የወይን ሐረግ ሳስር ከአጥሩ ውጭ አንድ ሰው ቆሞ ሲያየኝ ተሰማኝ። ውኃ ሊጠይቅ የመጣ መሰለኝ። ፂሙ ግማሹ ሸብቷል። አንድ ትከሻው ዘንበል ብሏል።

«ውኃ ልስጥህ ወንድሜ?» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ ልብስ ሰፊ ብቻ በሚያየው ዓይን አየኝ።

«ቀጥነሻል» አለ፣ «ልኬትሽ ሁሉ ተለውጧል አቦ።»

አጥሩን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም። ክንዴ ላይ የሽቦው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ።

አብረን ወደ ቤት ሄድን፤ ቀስ ብለን፣ እግሩ ቆስሎ ስለነበር። በየመንገዱ ሰው እያስቆመ ሳመው፤ ታደሰ ግን አላለቀሰም፤ እንግዳ ሰው ይመስል «ደህና ናችሁ፣ ደህና ናችሁ» ብቻ ይላል። ኦቦ ሙሜ ሰምተው ሚዛናቸውን ገበያ ላይ ጥለው ደረሱ፤ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ጀርባውን ሲመቱትም እንዲሁ ነበር። ፈራሁ። የመለሱልኝ ሰው ውስጥ ታደሰ እንደሌለበት ፈራሁ።

አባባ ያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ መደብ ላይ ይቀመጣሉ። «ማነው?» አሉ እርምጃ ሲሰሙ። ታደሰ ሄዶ ከፊታቸው ተንበረከከ። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ዳሰሱት፤ ግንባሩን፣ የጎደጎደውን ጉንጩን፣ ፂሙን። የት እንደነበረ አልጠየቁትም። ማን እንደማረከው፣ ለምን እንዳልጻፈ አልጠየቁትም። ጉንጩ ላይ እጃቸውን እንዳሳረፉ፣

«ልጄ፣ በልተሃል?» አሉት።

«አልበላሁም አባባ» አለ ታደሰ፤ ያን ጊዜ ነው እንደ ሕፃን ያለቀሰው።